ጨረሩ ካለቀ ከአራት ወር በኋላ

መነሻ

በመጋቢት አንድ ሰኞ፣ ገና ሳይነጋ፣ ከአዲስ አበባ ወጣሁ። በትከሻዬ የልብስ ቦርሳ፣ በእጄ የጫማ ካርቶን የምታህል ቢጫ ሳጥን ይዣለሁ። ሳጥኗ ውስጥ የጨረር መለኪያ አለ።

የምሠራበት ድርጅት የእንቅርት ካንሰርን ጨረር ባለው አዮዲን ያክማል። ታካሚው መድኃኒቱን ውጦ ለብቻው በተዘጋጀ ክፍል ጥቂት ቀን ይቆያል። ከሰውነቱ የሚወጣው ፈሳሽ ዝም ብሎ ወደ ከተማው ፍሳሽ አይለቀቅም፤ ከመሬት በታች በተቀበሩ ታንከሮች ይጠራቀማል። የዚህ አዮዲን ጨረር በየስምንት ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ ስለሚሄድ ትልቁ ሥራ ቆልፎ መጠበቅ ነው። ታንከሩን የምቆልፈው፣ የምለካው፣ ቀኑ ሲደርስም ፈርሜ የምከፍተው እኔ ነኝ። በሥራዬ እኮራለሁ። ሁለት የነበሩትን ታንከሮች ሦስት አድርገናል፤ ዛሬ የምንለቀውን ውሃ መለኪያዬ ከቧንቧ ውሃ አይለየውም።

ወደ ላስታ ያስኬደኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። የደወለችው ዘነበች የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት።

«የእናንተ ታካሚ እንወይ እዚህ አለች» አለችኝ። «ከሰው ተለይታ ነው የምትኖረው። ልጇን ለአክስቷ ሰጥታለች። ሰዉ ደግሞ ከቤቷ በታች ያለውን ምንጭ ትቶታል፤ ጨረር ገብቶበታል ይላሉ።»

«መቼ ነበር ከእኛ የወጣችው?»

«ጥቅምት አጋማሽ።»

አሁን መጋቢት ነው። ከዚያች ሴት አካልም ሆነ ከምንጩ ውሃ ሊለካ የሚችል ነገር ሊኖር አይችልም። ይህንኑ ንገሪያቸው አልኳት።

«ነግሬያለሁ» አለች። «በዓይንሽ አይተሻል ወይ ይሉኛል። አላየሁማ።»

እንወይ ያልኳት ስሟን ለመሸፈን ነው። በዚሁ ምክንያት የመንደሯንም ስም አልጽፍም።

እስከ ወልድያ፣ ከዚያም ወደ ጋሸና

የጣርማበርን ዋሻ ያለፍነው በጉም ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ጃኬት አስወለቀን፤ ደሴ ላይ መልሰን ለበስን። ወልድያ ስንገባ መሽቶ ስለነበር ከመናኸሪያው አጠገብ በአምስት መቶ ብር አልጋ ይዤ አደርኩ። ጠዋት ላሊበላ የሚሄድ ሚኒባስ አገኘሁ። ከድልብ በኋላ መንገዱ እየተጠመዘዘ ይወጣል፤ በስተግራ ያለውን ገደል ላለማየት ፊቴን ወደ ውስጥ አዞርኩ።

ከጋሸና በፊት ባለ ኬላ ፈታሹ ሳጥኗን አስከፈተኝ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ጨረር…» ብዬ ጀመርኩ።

ቃሉን እንኳ ሳልጨርስ ከጎኔ ተቀምጣ የነበረችው ሴትዮ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ከኋላ አንድ ሰው «ፈንጂ ነው እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

«መለኪያ ነው» አልኩ ፈጠን ብዬ። «እንደ ቴርሞሜትር። እሱ ራሱ ምንም የለውም።»

ፈታሹ አገላብጦ አይቶ፣ የድርጅቱን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አንብቦ መለሰልኝ። ሴትዮዋ ግን እስከ ላሊበላ ድረስ ከመስኮቱ አልተመለሰችም። ለዓመታት «ጨረር» የሚለውን ቃል ስናገር የኖርኩት ቃሉን ከለመዱ ሰዎች ጋር ነበር። ለሌላው ሰው እንዴት እንደሚሰማ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ጋሸና ላይ ነፋሱ የምግብ ቤቱን በር ያንኳኳል። ሁዳዴ ስለነበር የቀረበልን ሽሮና ጎመን ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ታጥፈን፣ ቁልቁል ወርደን፣ መልሰን ወጥተን፣ አሥር ሰዓት ላይ ላሊበላ ገባን።

ላሊበላ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት

ዘነበች መናኸሪያው ድረስ መጥታ ጠበቀችኝ። ቀጠን ያለች፣ ፈጣን፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። ሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። እንግዳ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አስተናጋጁ ፈረንጅ ሲመጣ እንዲህ ባዶ አይሆንም ብሎ ይቅርታ ጠየቀን።

የእንወይን ፋይል ከቦርሳዬ አወጣሁ። ከአዲስ አበባ ስነሳ ያነበብኩት የመጠን ቁጥሮቹን ብቻ ነበር። ዘነበች ግን የመጨረሻውን ገጽ፣ ለታካሚ የሚሰጠውን መመሪያ ነው ያነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ በጣቷ አሳየችኝ። በእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ከሕፃናት ይራቁ። የሚበቃበትን ቀን ደውለን እናሳውቃለን።»

«ይኼ የማን ፊርማ ነው?» አለችኝ።

«የእኔ።»

ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ደወልኩ፤ ስልኳ አይሠራም። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም ሞከርኩ። በዚያ ወቅት በአካባቢው ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ሌሎች ታካሚዎች መጡ፣ ሦስተኛው ታንከር ተቀበረ፣ እኔም ረሳሁ። እሷ ግን የተነገራትን ጠበቀች።

ዘነበች ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችኝና «ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እንነሳለን፤ አቀበቱ ከባድ ነው» ብላ ሄደች።

አቀበቱ

ወደ አሸተን ማርያም የሚወስደውን መንገድ ይዘን ወጣን። አየሩ ስስ ነው፤ በየሃያ እርምጃው እየቆምኩ ትንፋሼን ስሰበስብ ዘነበች የክትባት ሳጥኗን በትከሻዋ አንግታ ከፊቴ ትጠብቀኛለች። ገዳሙን በግራ ትተን ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ትከሻ ቀጠልን። የታጨደ የገብስ ማሳ፣ በእርከን የተያዘ ቀይ አፈር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር የሚነቅሉ ጭላዳዎች። ከዚያ የድንጋይ ግንብ ያላቸው ክብ ቤቶች ታዩ።

በመንገድ ላይ ሦስት ሴቶች ጀሪካን አዝለው ከሩቅ ሲመጡ አገኘናቸው።

«ከየት ነው የምትቀዱት?» አልኳቸው።

«ከወንዙ» አለችኝ አንዷ፤ በአገጯ ወደ ታች፣ ወደ ገደሉ እግር አሳየችኝ። ሄዶ መመለሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ምንጩ ግን ከቆምንበት ይታያል፤ ከአንድ ቤት ሥር፣ የቅጠሉ አረንጓዴ ከሌላው የተለየ።

ምንጩ ዳር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት

ዘነበች አስቀድማ ነግራቸው ስለነበር ሰው ተሰብስቦ ጠበቀን። መምሬ ምስጋናው፣ የደብሩ ቄስ፣ ጥምጣማቸውን አሳምረው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አያ ካሳው የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። እንወይ ከሁሉም ርቃ፣ ከቤቷ ደጃፍ ሆና ቁልቁል ታየናለች። ባሏ በእሷና በሕዝቡ መካከል ቆሟል።

ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ሳጥኗን ከፍቼ መለኪያውን አበራሁ። ጠቅ… ጠቅ ጠቅ… ጠቅ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። አንዲት እናት ልጇን በነጠላዋ ሸፈነች። ቀና ስል እንወይ ቤቷ ገብታ በሩን ዘግታለች።

ጥፋቱ የእኔ ነው። መሣሪያው የትም ቢበራ እንደሚጮኽ አልነገርኳቸውም። ከድንጋዩም፣ ከሰማዩም፣ ከገዛ አካላችንም የሚመጣ ትንሽ ጨረር ሁልጊዜ አለ።

«ጮኸ አይደል?» አሉ አያ ካሳው በቀስታ።

«እዚህ ብቻ አይደለም የሚጮኸው። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅም፣ እርስዎ ቤትም ይጮኻል። ልዩነቱ ያለው ብዛቱ ላይ ነው። ከፈለጋችሁ ውሃውን ልጠጣላችሁ» ብዬ ጎንበስ አልኩ።

መምሬ ምስጋናው እጃቸውን አነሱ። «ተው ልጄ። ሁዳዴ ነው፤ ገና አራት ሰዓት ነው።»

«ደግሞስ ቢጠጣ?» አሉ አያ ካሳው። «እሱ አንድ ዋንጫ ጠጥቶ አገሩ ይገባል። እኛ ዕድሜ ልካችንን ልንጠጣው ነው። ማሽኑም የእሱ፣ የሚሰማውም ጆሮ የእሱ።»

እውነታቸውን ነው። ትንሽ አሰብኩና «እንግዲያው የእናንተ ጆሮ ይቁጠር» አልኳቸው። «ባቄላ አምጡልኝ።»

አንዲት ሴት በሰፌድ ባቄላ አመጣች። ሰዓት የምትይዘው ዘነበች ናት፤ ቆጣሪው አያ ካሳው። መለኪያው ጠቅ ባለ ቁጥር አንድ ባቄላ ከሰፌዱ አንስተው ነጠላ ላይ ይጥላሉ። በአንድ ደቂቃ ምንጩ ዳር ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። ለብቻው አስቀመጥነው። ከዚያ ሕዝቡ ተከትሎን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወጣን። ለአንድ ደቂቃ ቆጠሩ፤ አርባ አራት።

«ከምንጩ ይበልጣል» አሉ መምሬ።

«አንድ ነው መምሬ። እንደ ዝናብ ጠብታ ነው፤ በየደቂቃው እኩል አይወርድም።»

አያ ካሳው ግን ገና አልጨረሱም። «እሺ፣ አንድ ነው እንበል። ግን በውሃው ውስጥ እውነት ነገሩ ቢኖርበት ይኼ ማሽን እንደሚጮኽ በምን እናውቃለን? ውሻው አይጮኽም ማለት ሌባ የለም ማለት ነው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሠለጠኑ ተቆጣጣሪዎች እንኳ ሰምቼ አላውቅም። የሚያሳምናቸው አንድ ነገር ብቻ ትዝ አለኝ። «መምሬ፣ እቃ ቤታችሁ ውስጥ የድሮ ማሾ አለ? በፓምፕ የሚሠራው፣ ብርሃን የሚሰጥ የጨርቅ ከረጢት ያለው?»

«ሶላር ሳይመጣ በእሱ ነበር የምንቆመው። ከረጢቶቹም የተረፉ አሉ።»

አስመጡልን። በወረቀት የታሸጉ፣ አቧራ የለበሱ ሁለት ትናንሽ ከረጢቶች ናቸው። ድሮ ብርሃኑ እንዲደምቅ ጨርቁን ቶሪየም የሚባል ጨረር ያለው ነገር ይነክሩት ነበር። መለኪያውን ሳስጠጋው ድምፁ እንደ በቆሎ ቆሎ ተንጣጣ። አያ ካሳው ባቄላ መቁጠሩን ሞክረው ተዉት። ሳርቀው ድምፁ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። መሣሪያውን ተቀብለው ራሳቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ አስጠጉት።

«አበስኩ ገበርኩ» አሉ መምሬ። «እኛ ስንት ዓመት በእሱ ሥር ስንዘምር?»

«ተሰቅሎ ሲያበራ ጉዳት የሚያደርስ አልነበረም። የሚጠላው አቧራውን መተንፈስ ነው። እኔ ይዤው እሄዳለሁ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማስቀመጥ ሥራችን ነው።» አሽጌ ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩት።

አያ ካሳው ዱላቸውን አነሱ። «ና፣ ወደ ሴትዮዋ እንሂድ። ሰፌዱን አምጡ።»

የእንወይ ደጅ

በሩን ባሏ አስከፈታት። ወደ ሠላሳ ዓመት ይሆናታል፤ አንገቷ ላይ የቀዶ ጥገናው ጠባሳ እንደ ቀጭን ክር ይታያል። ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። መለኪያውን አንገቷ ላይ አስጠግቼ ያዝኩ፤ ዘነበች ሰዓቱን፣ አያ ካሳው ባቄላውን። አርባ አንድ።

«አሁን እኔን» አሉ አያ ካሳው። ለካናቸው፤ አርባ ሦስት። ባቄላቸውን ከእንወይ ባቄላ አጠገብ ደርድረው ትንሽ አዩትና «ከእሷ ይልቅ እኔን ነው መሸሽ» አሉ። ሰው ሳቀ። እንወይ ግን አልሳቀችም። እኔን ነው የምታየው።

«ንጹህ ነኝ?»

«ንጹህ ነሽ።»

«ዛሬ ነው ንጹህ የሆንኩት፣ ወይስ ቀድሞ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «ከኅዳር ሚካኤል በፊት ጀምሮ ልጅሽን ማቀፍ ትችይ ነበር» አልኳት።

ሳቁ ቆመ። እንወይ በጣቶቿ ቆጠረች፦ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት።

«ገናን ብቻዬን ዋልኩ» አለች። «ጥምቀት ዕለት ከዚያ ወይራ ሥር ሆኜ አየኋት፤ ቀሚስ ገዝተውላት። እደውላለሁ ስላሉኝ ነው እኮ።»

«ደውዬ ነበር። ኔትወርክ አልነበረም። ከዚያ ረሳሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ኔትወርኩ ቢጠፋ ሰው ጠፍቶ ነው? በየሳምንቱ ከላሊበላ ሰው ይወጣል፣ ይገባል። ለአንድ ሹፌር ቃል ቢሰጡት ይደርሰኝ ነበር።»

ዘነበች መሬት መሬት ታያለች። መምሬ ምስጋናው «ይቅር በይው ልጄ፤ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር አልፎ ጥፋቱን ሊናገር መጥቷል» አሏት።

«ይቅር ብያለሁ መምሬ» አለች። ወደ እኔ ዞራ ቀጠለች። «ለሌላው ግን እንዲህ አያድርጉ። ደውለን እንነግራችኋለን አይበሉ። ቀኑን ይንገሩ። ፊደል ባላውቅ ሚካኤልን አውቃለሁ። ኅዳር ሚካኤል ቢሉኝ ኖሮ ማን ያስረሳኝ ነበር?»

ይህን ስትል ታንከሮቹ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። ውሃው የሚለቀቅበት ቀን አለው፤ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ አጠገቡ ለጥፌዋለሁ። ለሰዎቹ ግን ቀን አልሰጠኋቸውም።

ዘጠኝ ሰዓት

ቅዳሴው እንዳለቀ መምሬ ምስጋናው በቀጥታ ወደ ምንጩ ወረዱ። ሕዝቡ ከኋላ ተከተለ። በቅል ቀድተው፣ አማትበው፣ ቆመው ጠጡ። ከዚያ ቅሉን ለአያ ካሳው ሰጧቸው። አያ ካሳው ውሃውን ለአፍታ አዩትና ጠጡ፤ አፋቸውን በጋቢያቸው ጠርገው «ማኅተም ያለበት ወረቀት ግን እፈልጋለሁ» አሉኝ።

«ውሃውን በጠርሙስ ቀድቼ እወስዳለሁ። በቤተ ሙከራ ከታየ በኋላ በማኅተም ይደርስዎታል።»

«በማን እጅ?»

«በሹፌር እጅ።»

ጠዋት ያገኘናቸው ሦስቱ ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው መጡ። አንዷ ከወንዙ ያመጣችውን ድፍርስ ውሃ ለአህያ አፍስሳ ከምንጩ ሞላች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ባልየው ልጅቷን ከማዶ መንደር ይዟት መጣ። ማስተዋል ትባላለች፣ አምስት ዓመቷ ነው። ከአክስቷ ቀሚስ ጀርባ ተደብቃ ቆመች። እንወይ ሮጣ አልሄደችባትም፤ ነይም አላለቻትም። ደጃፏ ላይ ተቀመጠች።

ልጅቷ አክስቷን ቀና ብላ አየቻት። «ማሽኑ ምን አለ?»

«እናትሽን ንኪያት አለ።»

ቀስ እያለች መጣች። መጀመሪያ የነካችው ጠባሳውን ነው። «ያማል?»

«አሁን አያምም።»

ልጅቷ ጭኗ ላይ ስትወጣ እንወይ ሁለት እጆቿን ከፍ አድርጋ በአየር ላይ ያዘቻቸው። አምስት ወር ያህል ላለመንካት የለመዱ እጆች ናቸው፤ የት እንደምታሳርፋቸው የጠፋባት ትመስል ነበር። ኋላ አንዱን በልጅቷ ጀርባ፣ አንዱን በጠጉሯ ላይ አደረገች። እኛ ዞር አልን። መምሬ ስለ ዘንድሮው የገብስ ምርት ጠየቁኝ፤ ስለ ገብስ ምንም እንደማላውቅ እያወቁ።

መመለሻ

በማግሥቱ ቁልቁለቱን ወርደን፣ ላሊበላ ላይ ከዘነበች ጋር ምሳ በልተን ተለያየን። እስከ አዲስ አበባ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከጋሸናው ኬላ ፈታሽ ጋር ስንገናኝ «መለኪያው ነው?» ብሎ ሳያስከፍተኝ አሳለፈኝ።

የምንጩ ውሃ ተመረመረ፤ ከጤነኛ የተራራ ውሃ የተለየ ምንም አልተገኘበትም። ወረቀቱ ታትሞ፣ ፖስታው ላይ የአያ ካሳው ስም ተጽፎ፣ በአንድ የላሊበላ ሹፌር እጅ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ዘነበች ደውላ ሽማግሌው ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለው ቤተ ክርስቲያን እንዳስቀመጡት ነገረችኝ። ማስተዋል ከእናቷ ጋር ናት።

ለሥራ አስኪያጃችን የሆነውን ሳልቀንስ ተናገርኩ፤ ያን የእጅ ጽሑፌንም አሳየሁት። የሚቀጣኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን መመሪያውን እንደገና እንድጽፈው አዘዘኝ። አሁን ማንም ታካሚ ያለ ቀን ከእኛ አይወጣም። ቀኑን ለታካሚው፣ ለቤተሰቡ አንድ ሰው፣ ለቀበሌው ጤና ሠራተኛም እንነግራለን። ከእንወይ በፊትና በኋላ የወጡትንም አንድ በአንድ ፈልገን አግኝተናል፤ እንደ እሷ የቀረ አልነበረም።

ከጉዞው የተማርኩት ይህን ነው፦ ጨረርን መቆጣጠር ታንከሩ ላይ አያልቅም። ነገሩ ካለቀ በኋላም ፍርሃቱ ሰው ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ እሱን የሚያስወጣው በጊዜው የተነገረ ቃል ነው። ሥራችንን በደንብ እንችለዋለን የምለው ዛሬም ነው፤ ከበፊቱ ይልቅ ዛሬ።

ባለፈው ሳምንት ከከሚሴ የመጡ አንድ አባት ታክመው ሊወጡ ሲሉ ቀኑን በወረቀት ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «በቃል ንገረኝ» አሉ።

«ከሦስተኛው ጁምዓ በኋላ።»

«ከሦስተኛው ጁምዓ በኋላ ልጆቼን አቅፋለሁ» አሉ።

አሁንም አስደገምኳቸው። ደገሙልኝ። ከዚያ በሩን ከፈትኩላቸው።